ደጅ የቆመ ቃል

ቱርኩ፤ የጥር ሌሊት፤ ስምንት ሰዓት አልፏል።
የአውራዮኪ ወንዝ ረግቷል፣ ድልድዩ ጭር ብሏል።
ሲርካ ሻይዋን ረስታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና
ከማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅራለች በጽሞና።

ከመስተዋቱ ሥር፣ ከእንባ በምታንስ ጠብታ
አንድ ሴል ተይዟል፤ ቫይረስ ገብቶበታል ማታ።
ለራሱ መላ የለውም፤
ግን ዝም ብሎ አይሞትም።
አንዲት ቃል ያወጣል በደከመ ትንፋሽ፦
«የኔስ አበቃለት፤ ቀርቅር አንተ በርህን ሳይመሽ።»

የቃሉ ስም ኢንተርፌሮን ነው፤
ሲርካ ግን «ጩኸቱ» ነው የምትለው።
ይዋኛል፤ ከጎረቤት ደጃፍ ይደርሳል፤
አይገባም። ደጅ ቆሞ ያንኳኳል።
ሃያ ዓመት አይታው ዛሬም የሚገርማት
ይህች ናት፦
መልእክተኛው ውጭ ቀርቶ
መልእክቱ ውስጥ መገኘቱ ገብቶ።

ደጁ ላይ ሁለት ዘበኞች ተራርቀው ይቆማሉ፤
ቃሉ መሃል ሲገባ ትከሻ ይገጥማሉ።
እግራቸው ሥር የሚያንቀላፉት፣ ጃክ የሚሏቸው ኢንዛይሞች፣
ባንነው ይተያያሉ፤ አንዱ ላንዱ ፍም ያቀብላል፣
ፎስፌት የምትባል ቁንጥር ፍም።
ከነሱም አልፋ፣ ሥራ ፈቶ ሲንሳፈፍ ለከረመ
ስታት ለተባለ ፕሮቲን ትደርሳለች።
ለብቻው አይሄድም። የተለኮሰ ጓዱን በክንዱ ይይዛል፣
መንገድ ላይ ሦስተኛ ይጨመርላቸዋል፣
ወደ ኒውክለሱ ይነጉዳሉ።

ሲርካ አረንጓዴ ቀለም አስራባቸዋለች፤
ጨለማ የነበረው እምብርት ቀስ ብሎ ሲፈካ ታያለች፤
በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ።
ደብተሯ ላይ ልትጽፈው ስትል እርሳሷ ተሰበረ።

እዚያ ውስጥ ሁለት ሜትር ክር ተጠቅልሎ ተኝቷል፤
ከዚያ ሁሉ ፊደል አንዲት አጭር ስንኝ ፈልገው ይቆማሉ።
አንቀላፍቶ የኖረው ጂን ይገለጣል፤
ቅጂው ወጥቶ ወደ መሣሪያ ይለወጣል፦
አንዱ የቫይረሱን ክር የሚቀነጥስ መቀስ፣
አንዱ የሴሉን ወፍጮ የሚያቆም፤
ዱቄት ከሌለበት ቤት ሌባ ምን ሊልስ?

እስከዚህ ድረስ ደግ ታሪክ ነው።

ናንታሊ፣ ከዚህ ሃያ ደቂቃ፣ አባቷ ታውኖ አልተኛም።
አርባ ዓመት ጀልባ የቀረጸ እጁ
አምና ሸሚዝ መቆለፍ ተስኖት ነበር።
አንጓው ውስጥ ቫይረስ የለም፣ ባክቴሪያ የለም፣ ማንም የለም፤
የዚያች ቃል ዘመድ ግን ሌት ተቀን ደጅ እየመታች
ያንኑ ፍም ታስለኩሳለች።
እሳት የለም፤
ጩኸቱ ራሱ እሳት ሆነ።

በመስከረም አንድ ክኒን ጀመረ።
ክኒኑ ጃክ ፍሙን ከሚያነሳበት ጎድጓዳ ቀድሞ ይቀመጣል፣
ተነስ ቢሉት እንደማይሰማ የሰርግ እንግዳ።
በሦስተኛው ሳምንት ቁልፎቹን ቆለፈ፣
ከላይ እስከ ታች፣ ስድስቱንም፤ ደውሎ ቆጠረላት።
በኅዳር ግን አልማዝ ባለጭራ ጎኑን ገረፈው፤
በሰባት ዓመቱ ከወጣበት ጉድፍ ጀምሮ
ነርቩ ውስጥ አድፍጦ የኖረ ቫይረስ
ዘበኛው ማንቀላፋቱን አይቶ ወጣ።

«ጣቴ ታዘዘልኝ፣ ጎኔ ተቃጠለ፤
አንቺ እዚያ ስታዪው፣ የቱ ይሻላል?» አለ።
ሃያ ዓመት ያጠናች ልጅ
«ሐኪሙን ጠይቀው» አለችው፣ እንደ ማንም ሰው።

የመጀመሪያው ሴል አሁን ፈነዳ።
ጎረቤቱ ቆሟል፣ እምብርቱ አረንጓዴ።
ስልኳ በራ፤ ከታውኖ ነው፤ ጽሑፍ የለበትም፣
ፎቶ ብቻ፦ የጀልባ ገመድ፣ የተቋጠረ፣
ትንሽ የጠመመ፣
ጠርዙ ላይ የአውራ ጣቱ ጥላ።

ሻይዋ ትዝ አላት።
በረዶ ሆኗል። ጠጣችው።